መዥገርን ከእንስሳው የለዩት ተመራማሪ፦ የዶክተር ቲዮባልድ ስሚዝ ሕይወትና ለተጓዥ ውሾች ጥበቃ ያለው ትርጉም

መግቢያ

ውሻን ይዞ ወደ ገጠር መውጣት፣ በሣርና በቁጥቋጦ መካከል መራመድ፣ አልፎም ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማጓጓዝ ዛሬ የተለመደ ነገር ነው። የእንስሳት ሐኪሞች በዚህ ረገድ የሚሰጡት ምክርም የታወቀ ነው። ከጉዞ በፊት የመዥገር መከላከያ ይሰጥ፤ ከመንገድ ሲመለሱ የውሻው ቆዳ ይፈተሽ፤ የተገኘ መዥገር ሳይውል ሳያድር ይነቀል ይላሉ። ምክሩ ቀላል ስለ ሆነ መነሻውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን መዥገር ደም ከመምጠጥ አልፎ ገዳይ በሽታ እንደሚያስተላልፍ በሙከራ የተረጋገጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ማረጋገጫው የተገኘውም በውሻ ላይ ሳይሆን በከብት ላይ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ማረጋገጫ ባለቤት፣ አሜሪካዊውን የበሽታ ተመራማሪ የዶክተር ቲዮባልድ ስሚዝን ሕይወት በአጭሩ መተረክ፣ ከዚያም ሥራቸው ውሻን ከመዥገር ለመጠበቅ ዛሬ ከምንከተለው ሥርዓት ጋር ያለውን ግንኙነት ማሳየት ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ስሚዝና ባልደረቦቻቸው ያረጋገጡት የመዥገርን አስተላላፊነት ብቻ አይደለም። ጤነኛ መስሎ የሚጓዝ እንስሳ መዥገሩን ያራገፈበትን መሬት ለሌሎች እንስሳት አደገኛ አድርጎ እንደሚሄድም አሳይተዋል። የውሻ ጥበቃ በፍተሻ ብቻ የማይጠናቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ቲዮባልድ ስሚዝ ጁላይ 31 ቀን 1859 በኒውዮርክ ግዛት በአልባኒ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጀርመን አገር የፈለሱ ሰዎች ሲሆኑ፣ አባታቸው በልብስ ስፌት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በቤት ውስጥ ይነገር የነበረው ቋንቋ ጀርመንኛ ነበር። ይህ የልጅነት ቋንቋ በኋላ ትልቅ ጥቅም ሰጣቸው። በ1880ዎቹ የባክቴሪያ ሳይንስ ማዕከል ጀርመን ነበረች፤ ሮበርት ኮኽና ተከታዮቻቸው የሚያሳትሟቸውን ጽሑፎች ስሚዝ ትርጉም ሳይጠብቁ በቀጥታ ማንበብ ችለዋል።

ወጣቱ ስሚዝ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1881 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ሙዚቃ ይወዱ ስለ ነበር በተማሪነታቸው ዘመን በዩኒቨርሲቲው የጸሎት ቤት ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በአልባኒ የሕክምና ኮሌጅ ሕክምና አጠኑና በ1883 ተመረቁ። የሕክምና ትምህርቱ በዚያ ዘመን አጭር ነበር፤ ስሚዝም በቀሰሙት ዕውቀት ሰውን ለማከም በቂ ዝግጅት አለኝ ብለው አላመኑም። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ምርምር መለሱ።

የዋሽንግተን ዓመታት

በ1884 የአሜሪካ መንግሥት በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር የእንስሳት ኢንዱስትሪ ቢሮ የተባለ ተቋም አቋቋመ። የቢሮው ኃላፊ የእንስሳት ሐኪሙ ዳንኤል ሳልሞን ነበሩ። ስሚዝ በዚያው ዓመት በረዳትነት ተቀጠሩ። ቢሮው የተመሠረተው የአገሪቱን የከብትና የአሳማ ሀብት ከሚያጠፉ በሽታዎች ለመከላከል ነው። ስሚዝም የባክቴሪያ ማሳደጊያና መለያ ዘዴዎችን ከአስተማሪ ሳይሆን ከጽሑፍ እየተማሩ ቤተ ሙከራውን አደራጁ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተከናወኑት ሁለት ሥራዎች እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። አንደኛው፣ ከታመሙ አሳማዎች የተለየው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያውን በመለየት ረገድ ዋናውን ድካም የደከሙት ስሚዝ ቢሆኑም፣ ወገኑ በኋላ በአለቃቸው ስም ሳልሞኔላ ተባለ። በጊዜው ይህ ባክቴሪያ ሆግ ኮሌራ የሚባለው የአሳማ በሽታ መንሥኤ ተደርጎ ተወስዶ ነበር፤ እውነተኛው መንሥኤ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሁለተኛው፣ በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ ለርግቦች ሲሰጥ ከበሽታ እንደሚጠብቃቸው በ1886 ማሳየታቸው ነው። ከሞተ ተሕዋስ የሚዘጋጅ ክትባት አንዱ መሠረት ይህ ሥራ ነው። ስሚዝ ከመንግሥት ሥራቸው ጎን ለጎን በዚያው ከተማ በነበረው የኮሎምቢያን ዩኒቨርሲቲ የባክቴሪያ ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። በ1888 ሊሊያን ኤግልስተን ከተባሉ ወይዘሪት ጋር ጋብቻ ፈጸሙ።

የቴክሳስ ትኩሳት እንቆቅልሽ

ስሚዝን በዓለም ያሳወቀው ግን ሌላ በሽታ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የቴክሳስ ነጋዴዎች ከብቶቻቸውን ወደ ሰሜን ገበያዎች በብዛት ይነዱ ጀመር። የደቡብ ከብቶች ጤነኞች ነበሩ፤ በመንገድም ሆነ በገበያ አይታመሙም። እነርሱ ባለፉበት መስክ የሚሰማሩ የሰሜን ከብቶች ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በከባድ ትኩሳት ይወድቃሉ፤ ሽንታቸው ይቀላል፤ ደማቸው ይሳሳል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። ሲታረዱ ጣፊያቸው አብጦ ይገኛል።

እንቆቅልሹ ብዙ ነበር። የታመመ የሰሜን ከብት ሌላውን የሰሜን ከብት አያሲዝም፤ በሽታውን የሚያመጣው ጤነኛው የደቡብ ከብት ነው። የደቡብ ከብት በመስኩ ካለፈ ወዲያው የሚታመም የለም፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ክረምቱ ገብቶ ውርጭ ሲወርድም በሽታው ይጠፋል። ከብት አርቢዎች ከደቡብ ከብቶች ጋር የሚመጣውን መዥገር ይጠረጥሩ ነበር። የተማሩት ሰዎች ግን ይህን ግምት አልተቀበሉትም። በ1868 በሽታውን የመረመሩት እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ጋምጂ የመዥገሩን ሐሳብ ከቁም ነገር የማይገባ አድርገው አልፈውት ነበር።

እዚህ ላይ የስሚዝ አካሄድ ትኩረት ይሻል። የአርቢዎቹን ግምት አላመኑትም፤ አልናቁትምም። በሙከራ ሊፈተን የሚችል ሐሳብ አድርገው ወሰዱት። የቢሮው የሙከራ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት የእንስሳት ሐኪሙ ፍሬድ ኪልቦርን መዥገሩ በቀጥታ እንዲፈተን ከጠየቁት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ሙከራውና ውጤቱ

በ1889 በጋ መዥገር የወረራቸው ከብቶች ከሰሜን ካሮላይና ተነሥተው በዋሽንግተን አቅራቢያ ወደሚገኘው ጣቢያ መጡ። መስኮቹ በአጥር ተለያዩ። በአንደኛው መስክ የደቡብ ከብቶች መዥገራቸውን እንደያዙ ከሰሜን ከብቶች ጋር ተቀላቀሉ። በሁለተኛው መስክ የገቡት የደቡብ ከብቶች ግን መዥገራቸው አንድ በአንድ በእጅ ተለቅሞላቸው ነበር። ሥራው እጅግ አድካሚ ነው፤ ዓይን በማያያቸው ቦታዎች የሚደበቁ ታናናሽ መዥገሮች ስለሚቀሩ ለቀማው በየጊዜው መደገም ነበረበት። በሦስተኛው መስክ ምንም የደቡብ ከብት አልገባም፤ ከደቡብ የመጡ መዥገሮች ብቻ በሣሩ ላይ ተበተኑ።

ውጤቱ ግልጽ ሆነ። መዥገር ባለበት በመጀመሪያው መስክ የሰሜን ከብቶች ታመሙ። መዥገር በተለቀመበት መስክ ከደቡብ ከብቶች ጋር ጎን ለጎን ቢሰማሩም ጤነኞች ሆነው ቆዩ። የደቡብ ከብት ረግጦት በማያውቀው፣ መዥገር ብቻ በተበተነበት መስክ የተሰማሩት ደግሞ ታመሙ። ስለዚህ የደቡብ ከብት ያለ መዥገር አያሲዝም፤ መዥገር ግን ያለ ደቡብ ከብት ያሲዛል።

በ1890 ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ይህ የመዥገር ዝርያ ዕድሜውን ሁሉ የሚያሳልፈው በአንድ ከብት ላይ ነው። እንስቷ ደም ጠጥታ ስትጠግብ ትወድቃለች፤ በመሬት ላይ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። ወደ ሌላ ከብት የማትሄድ ከሆነ በሽታውን እንዴት ታሻግራለች? ስሚዝ በቤተ ሙከራ የተፈለፈሉትንና ከብት ነክተው የማያውቁትን ታናናሽ መዥገሮች በጤነኛ ጊደር ላይ አኖሩ። ጊደሯ ታመመች። ተሕዋሱ ከእናት መዥገር በእንቁላል አማካይነት ወደ ልጆች እንደሚተላለፍ በዚህ ታወቀ። የሳምንታቱ መዘግየትም ተፈታ፤ ያ ጊዜ እንቁላሉ የሚጣልበት፣ የሚፈለፈልበት፣ እጩም በሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የሚያልፍ እንስሳ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር።

ስሚዝ በታመሙት ከብቶች ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስያንን አገኙ። ተመሳሳይ ነገር በ1888 ሮማኒያዊው ቪክቶር ባቤሽ በአገራቸው ከብቶች ደም ውስጥ አይተው ነበር፤ የተሕዋሱ ወገን ባቤሲያ የሚለውን ስም ያገኘው ከእርሳቸው ነው። የስሚዝና የኪልቦርን ሙሉ ዘገባ 300 ገጽ ገደማ ሆኖ በ1893 ታተመ። ተናካሽ ተባይ በባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ የሚመጣን በሽታ እንደሚያስተላልፍ በተሟላ ሙከራ የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ውስጥ ያዩት በ1897፣ የዋልተር ሪድ ቡድን የቢጫ ወባን መተላለፊያ ያረጋገጠው በ1900 ነው። ሮበርት ኮኽም በ1890ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ሳሉ የመዥገሩን ሙከራ ደግመው አጽንተውታል።

ይህ ሙከራ በሚካሄድባቸው ዓመታት አገራችን በክፉ ቀን ውስጥ እንደ ነበረች ማስታወስ ይገባል። ከ1888 ጀምሮ ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታ በመዥገር የሚተላለፍ አይደለም፤ በምፅዋ በኩል በገቡ የታመሙ ከብቶች የመጣ የቫይረስ በሽታ ነው። ሁለቱ በሽታዎች በመንሥኤና በመተላለፊያ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። እንስሳ ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓዝ በሽታው አብሮት ይጓዛል።

የጋራ ሥራና የስም ድርሻ

የስሚዝ ስም ሲነሣ አብረው ሊነሡ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ኪልቦርን መስኮቹን ያዘጋጁና ሙከራውን በቅርብ የመሩ ሰው ናቸው፤ በ1893ቱ ዘገባም ስማቸው ከስሚዝ ስም ጋር ሰፍሯል። ኩፐር ከርቲስ ደግሞ የመዥገሩን የሕይወት ዑደት ከእንቁላል እስከ እንቁላል የገለጹ ተመራማሪ ናቸው። የእንቁላሉ ጊዜ ባይታወቅ ኖሮ የመዘግየቱ እንቆቅልሽ አይፈታም ነበር። ይሁንና ከርቲስ በዘገባው ደራሲነት አልተጠቀሱም፤ ድርሻው ለማን ይገባል የሚለው ክርክርም ለረጅም ዘመን ቆየ።

ለዛሬ ተመራማሪዎች ይህ ጉዳይ የቆየ ወሬ አይደለም። ስሚዝ ራሳቸው በሳልሞኔላ ረገድ ስማቸው በአለቃቸው ስም የተሸፈነባቸው ሰው ነበሩ፤ በቴክሳስ ትኩሳት ረገድ ደግሞ የእርሳቸው ዝና የሌሎችን ድካም ሸፈነ። በማይክሮስኮፕ የሚሠራው፣ መስክ የሚያዘጋጀውና የተባይ ዕድሜ የሚቆጥረው ሰው አንድ ላይ ካልሆኑ ይህን መሰል ችግር እንደማይፈታ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል። ስሚዝን ታላቅ የሚያደርጋቸው ሁሉንም ብቻቸውን መሥራታቸው ሳይሆን፣ ከአርቢዎች ግምት፣ ከባልደረቦቻቸው ትዝብትና ከራሳቸው ምርመራ የተገኘውን በአንድ የሙከራ ሥርዓት አገናኝተው ከማያጠራጥር ውጤት ማድረሳቸው ነው።

ከከብት ወደ ውሻ

በ1895 ቻርልስ ላውንስበሪ የተባሉ አሜሪካዊ የተባይ ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ቅኝ ግዛት የመንግሥት ሥራ ጀመሩ። በዚያ አገር ውሾችን የሚገድል፣ ዓይንና ድድን ቢጫ የሚያደርግ ከባድ በሽታ ነበር። ላውንስበሪ የስሚዝን መንገድ ተከትለው በ1901 በሽታውን የሚያስተላልፈው የውሻ መዥገር መሆኑን አረጋገጡ።

ከዚሁ ጋር አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ከታመመ ውሻ ደም የጠጣች እንስት መዥገር ልጆች በእጭነትና በመካከለኛ ዕድሜ ሲነክሱ በሽታውን አያሲዙም፤ የሚያሲዙት ሙሉ መዥገር ከሆኑ በኋላ ነው። መዥገሩም እንደ ከብቱ መዥገር በአንድ እንስሳ ላይ የሚቀር አይደለም። በየዕድሜው ደረጃ እየወደቀ ቆዳውን ይለውጣል፤ እንደገናም ሌላ እንስሳ ይፈልጋል። ስለዚህ የስሚዝ መሠረታዊ ግኝት ለውሻም ቢሠራ፣ የመዥገሩን ዝርያና የዕድሜ ሥርዓት ሳያውቁ ከከብት ወደ ውሻ በቀጥታ መቅዳት እንደማይቻል ታወቀ።

ሌላም ልዩነት አለ። ስሚዝ እንዳስተዋሉት በመዥገር አገር የሚወለዱ ጥጆች በሽታው ቀለል ብሎ ይይዛቸውና ከዚያ በኋላ መቋቋሚያ ያገኛሉ፤ የደቡብ ከብቶች ጤነኛ መስለው የሚታዩት ለዚህ ነበር። በውሻ ግን በሕፃንነት መያዝ መከታ ነው ማለት አይቻልም። ለምሳሌ ቡናማው የውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤሲያ ቮጌሊ ይበልጥ የሚጎዳው ቡችሎችን ነው።

የኋለኛው ዘመን

ስሚዝ በ1895 ዋሽንግተንን ለቀው ወደ ማሳቹሴትስ ሄዱ። በዚያም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የንጽጽር ፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ የግዛቱን የጤና ቦርድ የመድኃኒት ሴረም ቤተ ሙከራም መሩ። በ1898 የሰውን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከከብቱ የሚለዩትን ባሕርያት በዝርዝር አቀረቡ። ይህ ልዩነት ወተትን ስለ ማፍላትና ስለ ከብት ምርመራ ለተደረገው ክርክር መሠረት ሆነ።

የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም በፕሪንስተን የእንስሳት ፓቶሎጂ ክፍል ሲያቋቁም ስሚዝ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው ተመረጡ፤ እስከ 1929 ድረስም መሩት። በ1933 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ስለ ጥገኝነትና በሽታ የጻፉት መጽሐፍ በ1934 ታተመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን በኒውዮርክ በ75 ዓመታቸው አረፉ። የኖቤል ሽልማት አላገኙም።

የቴክሳስ ትኩሳት ሥራ ግን ከመጽሐፍ ወደ መስክ ወርዶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1906 የከብት መዥገርን ከአገሪቱ የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። ከብቶች በየሁለት ሳምንቱ አርሴኒክ ባለበት መንከሪያ ገንዳ ውስጥ እንዲያልፉ ተደረገ፤ መስኮችም መዥገሩ በረሃብ እስኪያልቅ ባዶ ይደረጉ ነበር። ወጪውና ግዴታው ያስመረራቸው አንዳንድ ገበሬዎች ገንዳዎቹን በድማሚት እስከ ማፍረስ ደርሰዋል። ያም ሆኖ ዘመቻው በ1943 በአብዛኛው ተፈጸመ። ዛሬም በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ለመዥገሩ የሚጠበቅ የኳራንቲን ቀጠና አለ።

ሥራቸው ለዛሬው የውሻ ጥበቃ ያለው ትርጉም

ከስሚዝ ሕይወትና ሥራ ለተጓዥ ውሻ ጥበቃ ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ።

የመጀመሪያው ስለ ጊዜ ነው። በሁለተኛው መስክ መዥገር መልቀም በቂ የሆነው ለቀማው ተደጋጋሚና ጥብቅ ስለ ነበር ነው። ለውሻም የዕለት ፍተሻ ዋጋ አለው። ባቤሲያ በመዥገሩ የምራቅ ዕጢ ውስጥ በስሎ ወደ ውሻው እስኪገባ ድረስ መዥገሩ ከተጣበቀ በኋላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ቀን ስለሚፈጅ፣ ከሽርሽር በተመለሱበት ምሽት የተነቀለ መዥገር ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ ይቀራል። መፈተሽ ያለባቸው ቦታዎች የጆሮ ውስጥና ጀርባ፣ አንገት በማሰሪያው ሥር፣ ብብት፣ ጉያ፣ የጣቶች መካከልና የጅራት ሥር ናቸው። መዥገሩን በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው እጅግ ተጠግቶ መያዝና ሳይጨምቁ፣ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይገባል። በእሳት ማቃጠል ወይም ጋዝና ቅባት መቀባት አይመከርም፤ መዥገሩ በዚያ ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል፤ የውሻውም ቆዳ ይጎዳል። ይሁን እንጂ ኤርሊኪያን የመሰሉ ባክቴሪያዎች መዥገሩ በተጣበቀ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊተላለፉ ስለሚችሉ በፍተሻ ብቻ መተማመን አይቻልም። ከጉዞው አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ እንክብል፣ በጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ወይም መድኃኒት ያለው የአንገት ማሰሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለውሻ የሚሰጠው ፐርሜትሪን ድመትን ስለሚመርዝ ድመት ባለበት ቤት ተገቢ ጥንቃቄ ይደረግ።

ሁለተኛው ስለ መሬት ነው። ሦስተኛው መስክ ምንም የደቡብ ከብት ሳይኖርበት አደገኛ ነበር። ውሻ የሚራመድበት ሣርም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ በቦታው የታመመ እንስሳ አለመታየቱ ዋስትና አይሆንም። ቡናማው የውሻ መዥገር በተለይ የሚያስቸግረው በግንብ ስንጥቅ፣ በወለል ጠርዝና በውሻ ቤት ውስጥ መኖርና መራባት ስለሚችል ነው። ውሻው ከጉዞ ይዞት የመጣው አንድ የጠገበች እንስት መዥገር ግቢውን የስሚዝ ሦስተኛ መስክ ልታደርገው ትችላለች። ስለዚህ ውሻውን ማከም ብቻ ሳይሆን መኝታውን ማጠብ፣ ስንጥቆችን መድፈንና የግቢውን ሣር ማሳጠር የጥበቃው አካል ነው።

ሦስተኛው ስለ ጉዞ ነው። የቴክሳስ ትኩሳት ጉዳት የገነነው ከብቶች ከለመዱት አገር ወጥተው መጓዝ ሲጀምሩ ነው። በዘመናችንም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። እንግሊዝ ከውጭ ለሚገቡ ውሾች ታስገድደው የነበረውን የመዥገር መድኃኒት ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ አንሥታለች። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ በኤሴክስ አውራጃ ከአገር ወጥተው የማያውቁ ውሾች በባቤሲያ ካኒስ ታመው ተገኙ። የአንዱ ክስተት ሌላውን መከተል ብቻውን ምክንያትና ውጤት መሆናቸውን አያረጋግጥም። ሆኖም ያልተጓዘ ውሻ በተጓዥ በሽታ መያዙ የስሚዝን መስክ በግልጽ ያስታውሳል።

በኢትዮጵያ የከብት መዥገሮች ጥናት ሰፊ ቦታ አለው፤ ስሚዝ ያጠኑት ባቤሲያ ባይጄሚና በአገራችን ሰማያዊው መዥገር በሚባለው ዝርያ የሚተላለፍ ነው። ቡናማው የውሻ መዥገርም በአገራችን ውሾች ላይ ይገኛል። ውሻውን ከከተማ ወደ ገጠር ወይም ከደጋ ወደ ቆላ ይዞ የሚሄድ ሰው ከጉዞው በኋላ ለሳምንታት ሊከታተለው ይገባል። ውሻው ቢያተኩሰው፣ ምግብ ቢተው፣ ድዱ ቢነጣ ወይም ቢጫ ቢሆን፣ ሽንቱ ቢቀላ ወይም ቢጠቁር ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ፣ የት እንደ ተጓዘና መቼ መዥገር እንደ ተገኘበትም መናገር ያስፈልጋል። ምልክቶቹ ከሌሎች በሽታዎች ጋር ስለሚመሳሰሉ የጉዞው ታሪክ ሐኪሙ የደም ናሙናውን በትክክለኛው ጥርጣሬ እንዲመረምር ያደርገዋል።

ማጠቃለያ

ዶክተር ቲዮባልድ ስሚዝ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ከመጻሕፍት በተማሩት ዘዴ አዲስ የምርምር መስክ ከፍተዋል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው፣ እንስሳውን፣ መዥገሩንና መሬቱን በየመስካቸው ለይተው የእያንዳንዳቸውን ድርሻ መመርመራቸው ነው። ላውንስበሪ ይህን መለያየት በውሻ ላይ ሲተገብሩ የመዥገሩ ዝርያ ሲለያይ የአደጋው ሰዓትና ቦታም እንደሚለያይ አሳይተዋል።

በመሆኑም ውሻን በጉዞ ላይ ከመዥገር መጠበቅ ከጉዞ በፊት መድኃኒት፣ በጉዞ ጊዜ የዕለት ፍተሻ፣ ከጉዞ በኋላ የግቢና የጤና ክትትል የሚጠይቅ አንድ የተያያዘ ሥራ ነው። በአገራችን የሚደረጉ የመዥገር ጥናቶችም ከከብት በረት አልፈው ከከብቱ ጋር ወደሚውሉት፣ ከባለቤታቸውም ጋር ወደሚጓዙት ውሾች ቢዘልቁ፣ በየትኛው አካባቢና ወቅት ምን ዓይነት መከላከያ እንደሚያስፈልግ በማስረጃ ለመምከር ያስችላሉ።